ፊደል ብቻውን ድምፅ አይዝም

ውድ የገበሬ ማኅበር አባላት፣

እኔ ፊደል ላስቆጥር የመጣሁ ዘማች ተማሪ ነኝ። ፊደል አስተማሪው ተነሥቶ «ፊደል አይበቃም» ሲል ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ባለፈው ወር በማታው ትምህርት ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አባት አላልተው አነበቡና «ተናገረ ማለት ነው» አሉ። ሌላው ከኋላ አጥብቀው አነበቡና «የለም፣ ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው እንጂ!» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። እኛ የምንለየው ቋንቋውን ጆሯችን ስለሚያውቀው ነው። ጆሮው ከሌለስ?

እንዲህ የሆነ ቋንቋ ሩቅ አይደለም። በዐባይ አካባቢ ጋፋትኛ የሚባል ቋንቋ ይነገር ነበር። ከአማርኛም ከጉራጌኛም ጋር ዘመድ ነው። ከ250 ዓመት በፊት ገደማ ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው አገራችን መጥቶ ሳለ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወሰደ። የተጻፈውም በዚሁ በምትማሩት ፊደል ነው። ጽሑፉ እንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በኋላም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ቮልፍ ሌስላው የሚባሉ የቋንቋ ሊቅ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው ፍለጋ ወጡ። ብዙ ደክመው ያገኙት አራት ሰው ብቻ ነው። አራት ሰው! ለደቦ እንኳ አይበቃም። ከእነዚያ የሰሙትን ጽፈው በ1956 መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም። ሰዎቹ አልቀው አይደለም፤ ልጆቹ የጎረቤትን ቋንቋ እየያዙ የአባታቸውን ተዉት። ያ የኦክስፎርዱ ጽሑፍ እንግዲህ አለ። ቃሉ ጠብቆ ይነበብ ወይስ ላልቶ፣ ወረቀቱ ብቻውን አይነግረንም። የሚያርም ሽማግሌም የለም።

በደቡብ ኦሞ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር ያሉት ኦንጎታዎችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ልጆቹ የጎረቤቶቻቸውን የፀማይን ቋንቋ ይናገራሉ። የራሳቸው ቋንቋ የቀረው ጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ መሆኑን አጥኚዎች ከጻፉ ቆይተዋል።

«የኛ አማርኛ አይጠፋም፣ ምን አስጨነቀህ?» ትሉኝ ይሆናል። አማርኛ አይጠፋ ይሆናል። በአማርኛ ውስጥ ግን የሚጠፋ አለ። እኔ ራሴ አንዱን አጥፍቻለሁ።

ከማርፍበት ቤት አጠገብ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። በልጅነታቸው ሌሊት በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩትን ያውቁ ነበር። የሞተር ወፍጮ ከገባ ወዲህ እንጉርጉሮው ከነመጁ ተቀምጧል። አንድ ማታ እሳት ዳር ጥቂት አሰሙኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ አላወጣሁትም። «እሑድ እቀዳዎታለሁ» አልኳቸው። «ጥሩ ልጄ፣ እስከዚያ ጉሮሮዬን አጠራለሁ» ብለው ሳቁ። እሑድ ጓደኛ ጠርቶኝ ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ሰልስታቸው ወጥቶ ነበር።

ልጃቸውን ጠየቅኳት። «ቃሉን ጥቂት ጥቂት አውቀዋለሁ፤ ዜማውን ግን እማዬ ይዛው ሄደች» አለችኝ። የነገረችኝን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሳነበው እንደ ግብር ደረሰኝ ደረቅ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቅዱ። ስልክ ያለው ልጅ በየቤቱ አለ፤ ዘፈን ብቻ አይጫንበት። በሬ ጠምዳችሁ የምትናገሩትን፣ በአውድማ የምትሉትን፣ ሙሾውን፣ ተረቱን ቅዱ። የአገሩን ድምፅም ቅዱ። ጉሬዛ ባለበት ደን ጎሕ ሲቀድ ይጮኻል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ግን እሱም ይሄዳል። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚጮኸውን ወፍ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ የከተማ ልጅ ግን ስሙንም አላውቅ።

ሲቀዳ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከዚያ ቀኑን፣ ስፍራውንና የተናጋሪውን ስም በአፋችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ አይታወቅም። ከሞተር ወፍጮ ራቁ። ነፋስ ስልኩ ውስጥ ሲገባ ሁሉን ያበላሻል፤ ግድግዳ ተጠግታችሁ በጋቢ ከልሉት። ለወፍ ከሆነ ሳይነጋ ሂዱና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሳል የያዘው ሰው ይቅር።

አንድ አባት የነገሩኝንም ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው መጥቶ ፉከራቸውን ቀዳ፤ «አመጣልዎታለሁ» ብሎ በዚያው ቀረ። «ድምፄን ተዘረፍኩ» ይላሉ። ልክ ናቸው። የተቀዳው አንድ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንድ ቅጂ በሚሞሪ ካርድ ሆኖ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ይቀመጥ እላለሁ። ካርዱ ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም። ስብሰባ ላይ ተነጋገሩበት።

እኚያ አባት ለእሑድ ቀጥረውኛል። ስልኬን ከቅዳሜ ጀምሮ ሶላር ላይ እሰካዋለሁ፤ ከተማም አልሄድም።