ባዘቶው ይንሳፈፋል ወይስ ይሰጥማል?

ባለፈው ወር ስለ መንጠቆና ስለ ክር ተጫውተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ምግብ ቤታችን ብቅ ስትሉ ደጋግማችሁ ያነሳችሁልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ገባን፤ ግድግዳው በሙሉ በትንንሽ ፕላስቲክ የታሸገ ፀጉር መሳይ ነገር ተሰቅሎበታል። የትኛውን ነው የምንገዛው?» ልጆቹ ደግሞ መቼም የሚያነሱት የሚያብረቀርቀውን ነው። ዛሬ እንግዲህ እሱን እንጨዋወት።

ይህን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ ዝንብ ማሰር ማለት መንጠቆ ላይ ክር፣ ላባና ፀጉር እየጠመጠሙ ዓሣ የሚበላቸውን ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ መሥራት ነው። የዝንቧ ሆድና ደረት የሚሠራበት ለስላሳ ነገር ዳቢንግ ይባላል። እኛ ግን ከጥንትም የምናውቀው ነገር ነው፤ ባዘቶ በሉት። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትሉት የለ? እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ ባዘቶው በእንዝርት ፈንታ በጣት ክር ላይ ይጠቀለልና ክሩ መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። አያት ቤታችሁ ካሉ ጠረጴዛው ጋ ጥሯቸው። እንግሊዝኛ አያስፈልጋቸውም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። አማርኛ የሚከብደው የልጅ ልጃቸውም እጃቸውን እያየ ይማራል።

ምርጫው ለምን ያሳስበናል? አንድ ልጅ ሰዓት ሙሉ ለፍቶ ያሰራት የመጀመሪያ ዝንብ፣ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች ብሎ ሲጠብቅ ቁልቁል ከሄደችበት፣ ሁለተኛ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥላችሁም፤ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ ያች የእሁድ አንድ ሰዓት ውድ ናት። ያልሆነ ከረጢት ሊነጥቀን አይገባም።

ለምን ሰው ሠራሽ?

የድሮዎቹ ዝንብ አሳሪዎች የሚጠቀሙት የጥንቸል፣ የቢቨር፣ አንዳንዴም የአሳማ ፀጉር ነበር። በብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ዝንብ የሚታሰርበት ጠረጴዛና እንጀራ የሚቀርብበት ጠረጴዛ አንድ ነው። ጥንቸል በማይበላበት ቤት የጥንቸል ፀጉር ማዕድ ላይ ሲበተን እናት ዝም ብላ አታይም፤ እውነትም አላት። በሰው ሠራሹ ግን ጠብ የለም።

ሌላም ምክንያት አለ። በጣም ይወደድ የነበረው የሲል፣ የባሕሩ እንስሳ ፀጉር ነበር። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ምክንያት እንደ ልብ መግዛትና መሸጥ ቀረ። ያንን አንጸባራቂ ፀጉር ለመተካት ሲሉ ብዙ ሰው ሠራሽ ባዘቶዎች ተሠሩ። ከዚህ በላይ ደግሞ ሰው ሠራሹን ብል አይበላውም፣ ቀለሙም ከከረጢት ከረጢት ብዙ አይለያይም።

እርግጥ የእንስሳ ፀጉር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለመጠቅለል ይቀላል፤ ሰው ሠራሹ አንዳንዴ ያንሸራትታል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ክሩን ትንሽ ሰም አስነኩት።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ከረጢቱን ከማንሳታችሁ በፊት ስለ ቀለሙ አትጠይቁ። «ይህች ዝንብ የምትኖረው የት ነው?» በሉ። ውሃው ላይ ነው? ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው? ወይስ ታች፣ ድንጋዩ ሥር? ወጥ ስንሠራም እኮ ሥጋው ጥብስ ይሆናል ወይስ ቅቅል የሚለውን ሳንወስን ሽንኩርት አንከትፍም።

መልሱ ያለው የክሩ ክብደት ላይ ነው። የውሃን ክብደት 1 ብንል፣ ያንኑ ያህል ቦታ የሚይዝ ፖሊፕሮፒሊን 0.9 ገደማ ይመዝናል። ናይለን 1.14፣ አክሪሊክ 1.17 ገደማ፣ ፖሊስተር ደግሞ 1.38 ገደማ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ ከውሃ የሚቀለው ፖሊፕሮፒሊን ብቻ ነው፤ ውሃም አይመጥም። ጥጥ ግን 1.5 ገደማ ሆኖ ሳለ ውሃውን ይጠጣዋል። የእናቶቻችን ባዘቶ ለጋቢ ነው እንጂ ለተንሳፋፊ ዝንብ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለምትንሳፈፈው

ውሃ ላይ ለምታርፈው ዝንብ ደቃቅና ለስላሳ የሆነውን ፖሊፕሮፒሊን ምረጡ። ከረጢቱ ላይ ፖሊ ወይም ድራይ ፍላይ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። አንድ ነገር ግን ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መንጠቆው ብረት ስለሆነ ባዘቶው ብቻውን አያንሳፍፈውም። አንገቷ ላይ የሚጠመጠመው ላባና የሚቀባው ማንሳፈፊያ ቅባትም ያግዛሉ። የባዘቶው ድርሻ ውሃ እየጠጣ ሥራውን አለማበላሸት ነው።

ለምትሰጥመው

ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ወለል በታች ነው። ስለዚህ ለልጅ የመጀመሪያዋ ዝንብ የምትሰጥመዋ ብትሆን አይከፋም። እዚህ ናይለን፣ አክሪሊክና ፖሊስተር ያገለግላሉ። ሻካራና ዘርዘር ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ታስሮ ካለቀ በኋላ በመርፌ ወይም ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ጎርጎር ሲደረግ የወጡት ፀጉሮች እግር ይመስላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪክ ያለው አንትሮን ነው። አንትሮን ዱፖንት ለምንጣፍ የሠራው ናይለን ሲሆን ክሩ ቢቆረጥ ክብ ሳይሆን ሦስት ጎን ያለው ነው፤ ብርሃን የሚያንጸባርቀውም በዚህ ነው። ጌሪ ላፎንቴይን የተባለ የሞንታና ዓሣ አጥማጅ የጠላቂ መሣሪያ ለብሶ ወንዝ ውስጥ እየገባ ካዲስ የሚባሉትን ነፍሳት ይመለከት ነበር። ካዲስ ከወንዙ ወለል ወደ ላይ ሲወጣ በአየር አረፋ ተሸፍኖ ያበራል። አንትሮንም ውሃ ውስጥ የአየር አረፋ ይዞ እንደዚያው ያበራል። ላፎንቴይን በ1981 ስለ ካዲስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስፋፋው፤ የምንጣፍ ክርም የዓሣ ማጥመጃ ሆነ። ልጆቻችሁን ይህን ንገሯቸው፤ ሰውየው የሱቅ ማስታወቂያ ሳይሆን ወንዙን አይቶ ነው የመረጠው።

የሚያብረቀርቀውስ?

አይስ ዳብ የሚባለውና መሰሎቹ ልጆች የሚሻሙበት ነው። አትከልክሏቸው፤ ግን እንደ ኮረሪማ ቁጠሩት። ትንሽ ሲገባ ወጡን ያጣፍጠዋል፤ ሲበዛ ኮረሪማ ብቻ ነው የምትበሉት። አንድ ቁንጥር ከብዙ ደብዛዛ ባዘቶ ጋር ቀላቅሉት፤ ወይም ደረቷ ላይ ብቻ አድርጉት። በተለይ ጥርት ባለ ውሃና በጠራራ ፀሐይ የበዛ ብልጭታ ዓሣውን ሊያስደነግጠው ይችላል።

የአደባለቅ ነገር ከተነሳ፣ አንዳንዶች በቡና መፍጫ ይፈጩታል። እባካችሁ የቤታችሁን ቡና መፍጫ እንዳትነኩ! ሁለቱን ቀለም በእጅ እየሳባችሁ፣ እየደራረባችሁ፣ ደግሞ እየሳባችሁ አሥር ጊዜ ያህል ብትደጋግሙት በደንብ ይዋሃዳል።

የብርጭቆው ፈተና

ይህን ከልጆቹ ጋር ሥሩት። ለእያንዳንዱ ባዘቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱና ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። ሳሙናው የሚያስፈልገው የውሃው ወለል እንደ ቆዳ ተወጥሮ ከባዱንም ነገር አንዳንዴ ስለሚሸከም ነው። ከእያንዳንዱ ባዘቶ አንድ ቁንጥር ወስዳችሁ ውሃው ውስጥ በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉና አየሩን አስወጡ፤ ከዚያ ልቀቁት። ፖሊፕሮፒሊኑ ወደ ላይ ይመለሳል። ሌሎቹ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ልጁ አስቀድሞ ይገምት፤ ከዚያ ይይ። ምስር ስናጥብ ገለባው ከላይ ሲቀር ፍሬው ታች የሚቀመጠው በምንድነው ብላችሁም ጠይቁት።

ብርጭቆውን ሳትደፉ ቀለሙንም ተመልከቱ። እርጥቡን ከደረቁ ጎን አድርጋችሁ በመስኮቱ ብርሃን እዩት። ብዙ ባዘቶ ሲረጥብ ይጠቁራል፤ ሱቅ ውስጥ የወደዳችሁት ፈዛዛ ቡናማ ውሃ ውስጥ ሌላ ነው። ዓሣው የሚያየው እርጥቡን ስለሆነ የምትመርጡትም በእርጥቡ ይሁን።

ስንት ይበቃል?

በጣም ትንሽ። ክሩ ዙሪያ ጢስ የመሰለ ስስ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። በቂ ነው ብላችሁ የቆነጠራችሁትን ግማሹን መልሱት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠቅልሉ፤ ወዲያና ወዲህ ካደረጋችሁት የጠቀለላችሁት መልሶ ይፈታል። ሆዷ ወደ ጅራት በኩል ስስ፣ ወደ ደረት በኩል ወፈር ይበል። ለልጅ 12 ወይም 14 ቁጥር መንጠቆ ይመቻል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው ያንሳል፤ 18ና 20 ላይ ስትደርሱ በጣም ደቃቁ ባዘቶ ብቻ ነው የሚያስኬደው።

ኪስ ለማይጎዳ

ሱቅ ሳትሄዱም መጀመር ይቻላል። ቤት ውስጥ የተረፈ የሹራብ ክር አለ? ወረቀቱን አንብቡ። መቶ በመቶ አክሪሊክ ካለ ለምትሰጥመዋ ዝንብ ጥሩ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ያህል እየቆረጣችሁ በሁለት እጅ ፈታ ፈታ አድርጉት፤ ባዘቶ ይሆናል። የማክራሜ ገመድ ደግሞ አንዳንዱ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ነው፤ ቀለል ያለውን ሥራ ይወጣል። ካጠራጠራችሁ ብርጭቆው ይፈርዳል።

መግዛት ከፈለጋችሁ ሦስት ከረጢት በቂ ነው። አንድ ደቃቅ ፖሊ፣ ወይራማ ግራጫ፤ አንድ አንትሮን የተቀላቀለበት ቡናማ፤ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ እሱንም ልጁ ይምረጥ። ዴንቨር አካባቢ ሆነን ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ለምንወጣ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ያስኬዳሉ። ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ ከወንዛችሁ አንድ ድንጋይ ገልብጡና ሥሩ የተጣበቁትን ነፍሳት ቀለም ተመልከቱ፤ ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት።

ጥንቃቄ

ባዘቶው ፕላስቲክ ነው። ቡና ከሚፈላበት ከሰልና ከሻማ አርቁት፤ ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም። ቁርጥራጩን ወደ ማጠቢያው ውሃ አትልቀቁት፤ ሰብስባችሁ ወደ ቆሻሻ መጣያ ጣሉት። ወንዝ ዳርም እንዲሁ፤ ዓሣው ከሚኖርበት ውሃ ውስጥ ክር አንጥልም። ሥራው ሲያልቅ መንጠቆዎቹን ቁጠሩ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ እጅ ታጠቡ፤ ከዚያ ነው እንጀራው የሚቀርበው። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የአካባቢያችሁን ደንብ እዩ። ኮሎራዶ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ወላጁ ግን ራሱ ካጠመደ ይጠየቃል። ጀርመን ያላችሁ ፈቃድ ለማውጣት በአብዛኛው ፈተና እንዳለ ታውቃላችሁ።

ልጆቻችሁ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ካሏችሁ፣ ትራውት ባሌ ተራሮች ላይም፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ እንዳለ ንገሯቸው። እሱም እንደኛ ከሌላ አገር ሄዶ ነው የለመደው። ባዘቶውንማ አያታቸውን ይጠይቁ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ላባ እንጫወታለን፤ ለዶሮ ወጥ ከምንገዛው ዶሮ ላባው ለምን እንደማይሆነን ጭምር። የብርጭቆውን ፈተና የሞከረ ልጅ ካለ ምግብ ቤት ሲመጣ የገመተውንና ያየውን ይንገረኝ፤ አንድ ሳምቡሳ በእኔ ነው።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።