በረሃን አቅርቦ ማየት



በረሃ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ባዶ ምድር ነው። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ይህን እሳቤ ይሞግታል፤ የሚወስደንም በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ግራና ቀኝ ወደተዘረጋው የሶኖራ በረሃ ነው።

እዚያ የሚበቅለው ሳጓሮ የተባለ ግዙፍ ቁልቋል ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም፣ ከ150 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። ግንዱ እንደ አኮርዲዮን የተሸነሸነ ነው፤ ሲዘንብ ውኃ መጥጦ ይወፍራል፣ በድርቅ ይኮማተራል። ታዲያ ይህን ተክል የሚያነሳ ፎቶ አንሺ የእሾሁን ዝርዝርና ከበስተኋላ ያለውን የተራራ ሰንሰለት በአንድ ምስል እንዴት ያስቀራል?

መልሱ ብዙ ፎቶዎችን መገጣጠም ነው። ካሜራው በማቆሚያው ላይ እየዞረ ረድፍ በረድፍ ያነሳል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከአጠገቡ ካለው ጋር ሲሶ ያህል ይደራረባል፤ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ያደርጋቸዋል። የብርሃን መጠኑ አስቀድሞ ካልተቆለፈ ሰማዩ ዝንጉርጉር ይሆናል። ነፋስ ቁጥቋጦውን ካወዛወዘው አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ቦታ ይታያል። እኩለ ቀን ላይም ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር የሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል፤ ማለዳ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ፎቶ ፋይዳ ከውበት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1903 በዚሁ በረሃ ባለችው በቱሳን ከተማ የተቋቋመው የበረሃ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አንድን ቦታ ደጋግሞ ፎቶ በማንሳት የትኛው ተክል እንደሞተ፣ የትኛው እንደበቀለ ሲከታተሉ ኖረዋል። ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ንጽጽሩም ይጠራል።

የጽሑፉን ምስሎች በመሃል ገጾች ዘርግተን አትመናቸዋል፤ ቸኩላችሁ አትለፏቸው።



አዘጋጁ