ለገበሬው የተቆረጠ ቀን ለመንግሥትም ይቆረጥ
ለግብርና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



መንግሥት ከግብርናው እጁን ያውጣ ልል አልተነሣሁም። ወደብ በሌለው አገር ሁለት ጥማድ የሚያርስ ሰው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ሊያስመጣ አይችልም፤ የመንግሥት እገዛ ያስፈልገዋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መንግሥት በእህልና በግብዓት ጉዳይ በገባ ቁጥር ቀነ ገደብ የሚቆረጥበትም፣ ቀኑን ቢያሳልፍ የሚቀጣውም ገበሬው ብቻ ነው። የጎጃም አውራጃዎች የነበሩት ቢቸናና ሞጣ ይህን በሦስት መንግሥታት ዘመን አይተውታል።

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወረቀቱን ላነበበው ክፉ አልነበረም፤ አሥራትን አስቀርቶ ሁሉም እንደ ገቢው ይክፈል የሚል ነበር። ገማቾቹ ሲመጡ ግን የሁለቱ አውራጃዎች ገበሬ የታየው የርስቱ መለካት ነው፤ ዛሬ ከተለካ ነገ ይወሰዳል ብሎ ሸፈተ። ሥጋቱን ቀድሞ ሰምቶ የሚያስረዳው አልተገኘም፤ የተላከለት ጦርና አውሮፕላን ነበር። ኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ከዚያ ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ ኮታ ጣለ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ማሳው ያልሰጠለት ሰው ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ይህ እስከ 1982 ዘለቀ።

ዛሬ ኮታ የለም፤ በቦታው ማዳበሪያ አለ። ከውጭ የሚገዛው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ ከጅቡቲ የተጫነው በኅብረት ሥራ ዩኒየን መጋዘን በኩል መሠረታዊ ማኅበሩ ዘንድ ይደርሳል። መንገዱ አንድ ስለሆነ አንድ ቦታ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ክረምት ደግሞ አይጠብቅም። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አፈር መግባት አለበት፤ ዩሪያ የሚጨመረው ቡቃያው ከፍ ሲል ነው። በቢቸና ዋልካ ላይ ጤፍ የሚዘራባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። እነሱ ካለፉ በኋላ የደረሰ ኤንፒኤስ ለዚያ ዓመት ሰብል አይረባም፤ ዕዳው ግን ይከፈላል። በ2015 ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው «ማዳበሪያ» ብለው የጮኹት በዚህ ምክንያት ነው።

«የጸጥታው ችግር ነው» ትሉ ይሆናል። መንገድ ሲዘጋ መኪና እንደማያልፍ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ገበሬው የጮኸው ሰኔ ላይ ነው፤ በክልሉ ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ነው። ግጭቱ ችግሩን አባባሰው እንጂ አልፈጠረውም። ለግል ነጋዴ ይለቀቅ የሚሉትም ያለፈውን ቢያስታውሱ መልካም ነው፦ ከደርግ ውድቀት በኋላ ገበያው ሲከፈት የግል አስመጪዎች ገብተው ነበር፤ ብዙ ሳይቆዩ ወጡ፣ ቦታቸውንም ለክልል መንግሥታት ቅርብ የሆኑ ኩባንያዎች ያዙት። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያለ ድጎማ ማዳበሪያ የሚገዛ አነስተኛ ገበሬ ጥቂት ነው። ስለዚህ የመንግሥት እጅ አሁንም ያስፈልጋል። ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካም ተስፋ ነው፤ ሆኖም ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረውን የያዩን ማዳበሪያ ፋብሪካ ያየ ሰው ፋብሪካ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ቢያልቅም ከዩኒየን መጋዘን እስከ ማሳ ያለውን መዘግየት አያስቀርም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የሚደርሰው መጠንና የመድረሻው ቀን፣ የኩንታሉም ዋጋ ከነማጓጓዣውና ከነድጎማው ተዘርዝሮ፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ይለጠፍ። ቀኑ ካለፈ ገበሬው የዘገየውን እንዲወስድ አይገደድ፤ በብድር ወስዶት ከሆነም ወለዱን መንግሥት ይሸፍን። ወጪ ያስከትላል፤ ዛሬም ወጪው አለ፣ የሚሸከመው ግን ገበሬው ነው። ዩኒየኖችም ኮርፖሬሽኑ ሲዘገይ በራሳቸው እንዲገዙ ይፈቀድላቸው፤ ከዚህ ቀደም አስመጥተው ያውቃሉ። በመላ አገሪቱ መጀመር የሚከብድ ከሆነ በሚመጣው መኸር ቢቸናና ሞጣ አካባቢ ባሉት በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ይሞከርና ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ።