ዕቃ የለም አትበሉን!

በዚህ አገር ኬሚስትሪ በጆሮ የሚማሩት ትምህርት ነው። ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት አሲድ ሲነካው ቀይ ይሆናል፤ ቀዩ ቤዝ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ሸመደድነው፣ ተፈተንነው፣ አለፍነው። «ሊትመስ የሚባለውን ወረቀት በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ» ቢባል ግን ከመካከላችን የሚወጣው እጅ በጣት የሚቆጠር ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ሲመጣ ነገሩ ተሻሻለ ተባለ። መሻሻል ከተባለ፣ ሙከራውን ሌላ ሰው ሲሠራው በቴሌቪዥን ማየት ጀመርን። እኛ ርዕሱን ጽፈን ሳንጨርስ ፈሳሹ ቀለሙን ቀይሮ፣ የስክሪኑ መምህር ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ተሻግሯል። ከዚያ ደግሞ 70/30 መጣ። ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ተማሪው ገባ። የሙከራ ዕቃው ግን አብሮት አልገባም።

ለምን ስንል መልሱ ያው ነው፤ «ምን ይደረግ፣ ድሃ አገር ነን፣ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው።» የእኛ ጠብ ከዚህ መልስ ጋር ነው። ግማሹ ውሸት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ከውሸቱ እንጀምር። ሊትመስ ጠፋ? ከርከዴ አለ። አንድ ጭብጥ ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ደምቆ ይቀላል፤ ቤኪንግ ሶዳ ስትነሰንሱበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። በዚህ ብቻ ኮምጣጤውን፣ የሳሙና ውሃውን፣ አብሲቱን ስትፈትኑ ልትውሉ ትችላላችሁ። አሲድ ኮምጣጤና ሎሚ ውስጥ አለ። ኖራ ቀለምና የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፤ አዮዲን ከፋርማሲ። ፈሳሽ መለኪያ ሲሊንደር የለም የሚል ካለ፣ አዲስ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ይግዛ፤ በሚሊ ሊትር ተከፋፍሎ ተጽፎበታል። ጠርሙስ ከነክዳኑ፣ ቱቦ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ሰሃን? መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ደግሞ «ሁሉም አለ» ነው።

ሁለት እርሳሶችን በሁለቱም ጫፍ ቅረጹና ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ሳይነካኩ አቁሟቸው። ከዘጠኝ ቮልት ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኟቸው። ከሁለቱም አረፋ ይነሳል፤ በኔጌቲቩ በኩል ያለው ግን በግልጽ ይበዛል። ኤች ቱ ኦ ውስጥ ያለችው «ቱ» እሷ ነች! ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስናያት የኖርናት ቁጥር፣ ብርጭቆ ውስጥ ስትፍለቀለቅ። (ጨው ግን አትጨምሩ፤ ክሎሪን ሊወጣ ይችላል። መስኮትም ክፈቱ።)

«ታዲያ ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ከጨዋታው እንውጣ። በበዓል ሰሞን ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ ሲባል ሁላችንም ሰምተን አጉረምርመናል። ከገዛችሁት ቅቤ ትንሽ ቆርሳችሁ በሙቅ ውሃ አቅልጡና ሲበርድ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣሉበት። ከጠቆረ ውስጡ ስታርች አለ፤ ላም ደግሞ ስታርች አታልብም። ካልጠቆረ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የአትክልት ዘይት ቢቀላቀልበት አዮዲን አይነግራችሁም። ይህ ሙከራ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለይቶ ማወቅ ነው ኬሚስትሪ። ሸምዳጅ ትውልድ ወሬ ያምናል፤ የሞከረ ግን ይጠይቃል።

ትልቅ ነገር ከትልቅ ሕንፃ ብቻ ይወጣል ያለን ማነው? ዊልያም ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ስመ ጥር ሰው ሠራሽ ቀለም ያገኘው በ18 ዓመቱ፣ ለንደን ቤታቸው ውስጥ ነው። ቻርልስ ሆል አሉሚንየምን በኤሌክትሪክ በርካሽ ማውጣት የቻለው በ1886 እ.ኤ.አ. በ22 ዓመቱ፣ ከቤተሰቡ ቤት ጀርባ በነበረ የእንጨት መጋዘን ውስጥ ነው። እኛ ዛሬ «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው ድስት ብረት ሳይሆን አሉሚንየም ነው፤ ወጣችን የሚሠራው በሆል የጓሮ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ሩቅ ሄዳችሁ ካላችሁን ደግሞ ዓድዋ እንምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ነገር ከሴቶቹ እጅ ላይ ነበር። ላብራቶሪው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ይህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. እሱንና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አበቃቸው። ጠላ የምትጠምቅና አረቄ የምታወጣ እናት ባለችበት አገር ኬሚስትሪን እንደ ባዕድ ዕቃ ማየት ሼም ነው።

እናቶቻችን ግን አንድ እውነት አላቸው፤ «ኬሚካል» ሲባል የሚደነግጡት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ጨዋታው ሕግ አለው። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የመኪና ባትሪ አሲድ ቤት አይገባም። ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት፤ ያልበረደውንማ ጭራሽ አታምጡ። የጠርሙስ ዕቃ ምድጃ ላይ አይጣድም። የሞከራችሁበት ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። ከሁሉም በላይ ምንም ነገር በሃይላንድ አታስቀምጡ፤ ውሃ መስሎት የሚጠጣ ሕፃን አይጠፋም። ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ይደፋ።

አሁን ወደ እውነቱ ግማሽ። ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ሙቀት የሚችል ብርጭቆ፣ ንጹሕ ኬሚካል በእርግጥ ውድ ነው። ውድ የሚያደርገው ግን አሻሻጡም ጭምር ነው። እኛ የጠየቅናቸው ሻጮች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከየት መሥሪያ ቤት ናችሁ?» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው «ስንት ካርቶን?» ለአደገኛው ደብዳቤ ይጠየቅ፣ ተገቢ ነው። ለሲትሪክ አሲድ ግን ማኅተም ምን ያደርጋል? ሃምሳ ግራም የሚፈልግ ልጅ ለምን ኪሎ ተሸክሞ ይሂድ?

ስለዚህ የምንለው ሦስት ነገር ነው። ሻጮች ሆይ፣ ጉዳት የሌለውን ቸርችሩ፤ በርበሬ በማንኪያ የሚሸጥበት ከተማ ነው። ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ ቁልፍ ተደርጎበት አቧራ የሚጠጣውን ቁምሳጥን ቅዳሜ ቅዳሜ መምህር ባለበት ክፈቱልን። ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ የተቆለፈበት ልጅ ሳይነካው ይመረቃል።

ሦስተኛው ለእናንተ ነው። ዕቁብ ጣሉ! ለሰርግ፣ ለሶፋ፣ ለስልክ ዕቁብ የምንጥል ሕዝብ ነን። አምስት ሆናችሁ በየወሩ ጥቂት ብር ብታዋጡ የመጀመሪያው ዕጣ ሚዛን ይገዛል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ፣ ሦስተኛው መነጽር ለሁሉም። ኪሎውንም አምስት ቦታ ትካፈሉታላችሁ። እስከዚያው ከርከዴው ሱቅ አለ፤ የፊታችን ቅዳሜ ጀምሩ።