በወዳጅ ስም የሚመጣ ሌባ

«ለቤት ኮምፒውተሬ የትኛውን ፀረ ቫይረስ ልግዛ?» ይህን ጥያቄ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጠየቃለሁ፡፡ የቀድሞ ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፡፡ ሆኖም በእነዚሁ ሁለት ከተሞች የደረሰውን ሳያውቁ ፀረ ቫይረስ መምረጥ ከንቱ ነውና ከዚያ ልጀምር፡፡

ዲሴምበር 20 ቀን 2013 ነው፡፡ ቢሮው አሌክሳንድሪያ በነበረው የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ሠራተኞች ላይ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሦስት ጊዜ የስለላ ሙከራ ተደረገ፡፡ ፋይሉ የመጣው በስካይፕ ሲሆን የላኪው ስም ቀደም ሲል ከጣቢያው ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ስም ነበር፡፡ ስሙን ያየ ለኢሳት የተጻፈ ጽሑፍ ይመስለዋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ፋይልና የይለፍ ቃል የሚሰርቅ፣ የስካይፕ ንግግር የሚጠልፍ ፕሮግራም ነበር፡፡ ጉዳዩን የመረመረው በቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ መሣሪያው የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ሥራ እንደሚመስል ገለጸ፡፡ ዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በወቅቱ አስተባበለ፡፡ ጁላይ 2015 ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰርቆ ሰነዶቹ አደባባይ ሲወጡ፣ ኢትዮጵያ ከደንበኞቹ መካከል ተገኘች፡፡

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ቤት ድረስ ይገባል፡፡ ፍርድ ቤቱ ለደኅንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከስስ የፈቀደለት አሜሪካዊ ዜጋ፣ በኢሜይል የደረሰውን የዎርድ ሰነድ ከፈተ፡፡ በክሱ መሠረት ከ2012 ኦክቶበር መጨረሻ እስከ 2013 ማርች ድረስ ፊንስፓይ የተባለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፣ የቤተሰቡን ኢሜይልና ፍለጋ ሁሉ መዘገበ፡፡ ልጁ ለታሪክ ትምህርቱ ያደረገው ፍለጋ እንኳ አልቀረም፡፡ ኪዳኔ በኢሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች አማካይነት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፡፡ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማርች 2017 ጉዳዩን ዘጋው፤ ምክንያቱም ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ ሕጉ የውጭን መንግሥት ለመክሰስ አይፈቅድም የሚል ነው፡፡ ሌባው ቤታችን ቢገባም ዳኛ አላገኘንለትም ማለት ነው፡፡ ስለዚህ በሩን መጠበቅ የራሳችን ድርሻ ሆነ፡፡

ወደ ጥያቄው እንመለስ፡፡ ዊንዶውስ ላለው ሰው አብሮት የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ለተራው የቤት ሥራ ይበቃል፤ ገንዘብም አይጠይቅም፡፡ ተጨማሪ የሚገዛ ሰው አንድ ብቻ ይግዛ፤ ሁለት ፀረ ቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እርስ በርስ ይጣላሉ፡፡ የሩሲያውን ካስፐርስኪ የለመዳችሁ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ሽያጩንም እድሳቱንም አግዷልና ተሰናበቱት፡፡ ዊንዶውስ 10 የያዛችሁም ማይክሮሶፍት መደበኛ የጥበቃ እድሳቱን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማቆሙን ልብ በሉ፡፡ እድሳት ያጣ ኮምፒውተር ግንቡ የፈረሰ ግቢ ነው፤ ዘበኛው ቢነቃ ምን ያደርጋል?

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው፡፡ እነዚያ የስለላ ፕሮግራሞች ፀረ ቫይረስ እንዳያያቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው፡፡ ፀረ ቫይረስ ቢያውቃቸውም ብዙ ጊዜ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፡፡ ወጥመዱ ደግሞ የእኛው ወሬ ነው፡፡ በ2013 የወጣ ሌላ የሲቲዝን ላብ ጥናት የግንቦት ሰባት ሰዎች ፎቶግራፍ ማጥመጃ ሆኖ ማገልገሉን ገልጿል፡፡ በ2016 እና በ2017 ደግሞ ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽን አድሱ» የሚል የሐሰት ማሳሰቢያ ለውጭ አገር ኢትዮጵያውያን ተልኳል፡፡ የአገር ጉዳይ ሲባል እጃችን ከዓይናችን ይቀድማልና አዳኙ ይህን ጠባያችንን አጥንቶታል፡፡

እንግዲህ እኔ የምመክረው ይህን ነው፡፡ ያልጠበቃችሁት ፋይል ከወንድማችሁ ስም ቢመጣም ሳትከፍቱ ስልክ ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉ፡፡ መልሱን በዚያው በመጣበት መንገድ አትጠይቁ፤ ስሙን የሰረቀው ሰው «አዎ» ሊላችሁ ይችላልና፡፡ አማርኛ መጻፊያ ከሰው ፍላሽ ወይም ከማይታወቅ ቦታ አትጫኑ፤ ዊንዶውስ የራሱ አለው፣ ኪማን የተባለውም በነፃ ይገኛል፡፡ ለኢሜይላችሁ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩለት፡፡ ለልጆች ጨዋታ ለብቻው መግቢያ ክፈቱ፡፡ ፎቶግራፍና ሰነዳችሁን ገልብጣችሁ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ፡፡

«እኔ ምን አለኝና ይሰልለኛል?» የሚል ወገን አይጠፋም፡፡ በብዙዎቻችን ኮምፒውተር ውስጥ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የእናት ስልክ ቁጥር፣ ገንዘብ የምንልክለት ዘመድ አድራሻ አለ፡፡ እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተቀምጠን በግዴለሽነት የከፈትነው ፋይል ዋጋ የሚያስከፍለው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለውን ሰው ሊሆን ይችላል፡፡ የሌላውን ሰው አደራ ይዘናልና በሩን እንዝጋ፡፡

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን፡፡