ስለ ጠባሳ ይግባኝ፦ «ደህና ነኝ» ማለት ይብቃ!

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግለው ለተመለሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን፣ ለወላጆቻቸውም ጭምር፦

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረው ነገር በዚያው ተረስቶ እንዲቀር አንፈልግም። አፍጋኒስታን ያገለገለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ክንዱ ላይ ስላለው የእሳት ጠባሳ የአካል ጉዳት አበል ጠይቆ ነበር። ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ የደረሰ መሆኑ ታምኖለታል፤ መጠኑ ግን ዜሮ ከመቶ ነው የሚል ደብዳቤ መጣለት። ይግባኝ ልበል ወይስ ልተወው ብሎ ምክር ጠየቀን። ከመካከላችን የተሰጠው መልስ ምን ነበር? «አንተ ተመስገን በል፤ ስንቱ እግሩን አጥቶ መጥቷል!» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ለጠባሳም ገንዘብ አለ እንዴ?» ብሎ ሣቀ። ልጁ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

እኛ ይህን አነጋገር አጥብቀን እንቃወማለን። አበሉ ምጽዋት አይደለም። የአገሩ ሕግ አበሉን የሚቆርጠው ጉዳቱ ከሰውዬው የመሥራት አቅም በአማካይ ምን ያህል እንደሚቀንስ አስቦ ነው። እግሩን ያጣው የእግሩን ይቀበል፤ የእርሱ ማጣት የዚህኛውን ቃጠሎ አያድነውም። የሣቀው ሰው በተቃጠለ ቆዳ ላይ የክረምት ሹራብ ሲያርፍ ምን ስሜት እንዳለው አንድ ቀን ጠይቆ ያውቃል?

ደንቡን ልጆቻችን እያነበቡ ተርጉመውልን አይተነዋል። እውነቱን ለመናገር ጨካኝ ነው። ከራስ፣ ከፊትና ከአንገት ውጪ ያለ የተንጣለለ ጠባሳ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ካልጎዳ፣ በስፋቱ ብቻ 10 ከመቶ ለማግኘት 144 ካሬ ኢንች መሙላት አለበት። በቁመት 12 ኢንች፣ በወርድ 12 ኢንች ማለት ነው! ከክርን እስከ አንጓ ዙሪያውን የተቃጠለ ክንድ እንኳ ይህን ላይሞላ ይችላል። የውስጡን ሥጋ የጎዳ ከሆነ ግን ከ6 ካሬ ኢንች ጀምሮ ይቆጠራል።

ያው ደንብ ታዲያ ሌላ በር አለው፤ ብዙዎቻችን የማናውቀውም ይህንኑ ነው። የሚያም ጠባሳ፣ ወይም ቆዳው ቶሎ ቶሎ እየተላጠ የሚከፈት ጠባሳ፣ 1 ወይም 2 ከሆነ 10 ከመቶ፣ 3 ወይም 4 ከሆነ 20፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ከመቶ ያሰጣል። እዚህ ላይ ስፋቱን የሚጠይቅ የለም። የእሳት ይሁን የጥይት ወይም የቀዶ ጥገና ልዩነት የለውም፤ በአገልግሎት ላይ ሳለች በኦፕራሲዮን የወለደች ልጃችንም ጠባሳዋ ዛሬም የሚያማት ከሆነ መጠየቅ ትችላለች። እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ እነሱ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ስፋት በማስመሪያ ይለካል፤ ሕመም ግን ባለቤቱ ካልተናገረው ማን ያውቀዋል? ልጃችን ለምርመራ ይገባል፤ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ይለዋል፤ እርሱም እንዳሳደግነው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሐኪሙ ይለካና «አያምም» ብሎ ይጽፋል። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ልጁን አያየውም፣ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ለጎረቤት ሰላምታ የሚሰጠው መልስ የሕክምና ማስረጃ ሆኖ ቁጭ ይላል ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን አሳድገናቸው፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን ችለው ዝም እንዲሉ እንፈልጋለን። የማያመውን ያመኛል በሉ አንልም፤ እንዲህ የሚያደርግ ካለ ማኅበራችን አብሮት አይቆምም። የሚያመውን ግን መቼ እንደሚያም፣ ምን ሲነካው እንደሚያም፣ ሌሊት ያነቃ እንደሆነ፣ የትኛውን ሥራ እንዳስተወ አንድ በአንድ መናገር ግዴታ ነው።

መርማሪዎቹንም ሳንወቅስ አናልፍም። ማስመሪያ ይዞ ገብቶ ሕመሙን ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደ ነጭ ቆዳ ቶሎ አይታይም፤ እኛ ጥቁሮች ደግሞ ቁስላችን ሲድን አብጦና ጠጥሮ የሚቀረው፣ ኬሎይድ የሚሉት ጠባሳ፣ በብዛት ይይዘናል። በዓይን ብቻ ያየና በእጁ የዳሰሰ እኩል አያውቁም። ጠባሳው በፊት ወይም በአንገት ላይ ከሆነ ደንቡ 8 ምልክቶችን ይቆጥራል፤ ከነዚህ አንዱ፣ ለምሳሌ ጠባሳው ሩብ ኢንች መስፋቱ ወይም ሲዳሰስ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ፣ ብቻውን 10 ከመቶ ያሰጣል። ያልተነካካ የቀለም ፎቶግራፍም ከግምት ይግባ ይላል። ስለዚህ ፎቶ አንሡና አያይዙ።

አንድ ጠባሳ አንድ አበል ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት ፊቱ ላይ ጉዳት የደረሰበትን የአንድ ሰው ጉዳይ አይቶ፣ የመልኩ መበላሸት ለብቻው፣ የጠባሳው ሕመም ለብቻው፣ ለማኘክ የሚያስቸግረው የጡንቻ ጉዳት ለብቻው 10፣ 10፣ 10 ከመቶ ይያዝለት ብሏል። ቦርዱ ሰጥቶት የነበረው አንዱን 10 ብቻ ነው። ሦስቱ በመሥሪያ ቤቱ አቆጣጠር ሲጣመሩ 30 ከመቶ ይሆናሉ። በ2025 ደንብ ላላገባ ሰው 10 ከመቶ በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም ሲሆን፣ 30 ከመቶ 537 ዶላር ከ42 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱን ቁጠሩት፤ የቤት ኪራያችሁንም አስቡ።

ይግባኙ ከ2019 ወዲህ ሦስት መንገድ አለው። አዲስ ማስረጃ ያለው በፎርም 20-0995 ይጠይቃል። ማስረጃው ሞልቶ ሳለ ደንቡን አዛብተውብኛል የሚል በ20-0996 በበላይ ሠራተኛ እንደገና እንዲታይለት ያመለክታል፤ በዚህኛው አዲስ ወረቀት አይቀበሉም። ሦስተኛው በ10182 በቀጥታ ለይግባኝ ቦርድ መጻፍ ነው። ሕመሙ ሳይመዘገብ ለቀረበት ሰው በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ይሻላል፤ የሚስት፣ የእናት፣ አብሮ ያገለገለ ጓደኛ ያዩትን የሚገልጽ ጽሑፍም ማስረጃ ነውና። ለጠያቂውና በጠያቂው ላይ ያለው ማስረጃ እኩል ከሆነም ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲፈረድ ሕጉ ያዛል።

ጊዜው በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ነው። በዓመቱ ውስጥ ይግባኝ ያለ ሰው ከረታ ገንዘቡ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል፤ ያሳለፈ ግን ያንን ያጣል። በየጓዳው መሳቢያ ውስጥ የተወረወረ ደብዳቤ ያላችሁ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን እዩ።

«አስጨርስላችኋለሁ» እያሉ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቁ ደላሎች መጥተዋል ይባላል። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማንም ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ፈቃድ ያለው ጠበቃም ቢሆን ማስከፈል የሚችለው ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ነው። ፈቃድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና የቨርጂኒያ የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤት በነፃ ይረዳሉ።

እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራችሁ ወላጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ክፍላችን ልጆች ተመድበው ያነቡላችኋል። ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ የምርመራውን ወረቀት ካላችሁም እርሱን ይዛችሁ ኑ። ባለፈው ስብሰባ የሣቃችሁም ኑ፤ ወንበር የሚያመቻች ሰው ያስፈልገናል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት