የተሸሸገ መጽሐፍ

በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የመደርደሪያውን ሥርዓት ይወቅ። ሜልቪል ዱዊ የተባለው አሜሪካዊ በ1876 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመውና ብዙ ቤተ መጻሕፍት በሚከተሉት ሥርዓት፥ ሥነ ጽሑፍ ከ800 እስከ 899 ባለው ቍጥር ይገኛል፤ የእንግሊዝኛው በ820፥ የአማርኛው በ892 ውስጥ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በመጻሕፍት መካከል ቆሞ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

ነገር ግን ቍጥሩን እያወቀ፥ ፈተና ሲቀርብ ባልንጀራው እንዳያገኘው መጽሐፉን በሌላ መደርደሪያ የሚሸሽግ ተማሪ ከዚህ ይብሳል። መጽሐፉ ከቤቱ ስላልወጣ «አልሰረቅሁም» ይላል፤ ዳሩ ግን ከቦታው የተለየ መጽሐፍ ለፈላጊው እንደ ጠፋ ነው። ስለዚህ አንብቦ የጨረሰ ሰው በቍጥሩ ይመልሰው፥ ወይም ለጠባቂው ይስጠው። ባልንጀራውን አስርቦ የተማረ ሰው ፈተናውን ቢያልፍም ገና አልተማረምና።